በከብት ጀርባ ላይ ሩጫ

ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ ወይጦን ተሻግሮ ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ ሲወጣ የበናዎች አገር ይገኛል። በናዎችና ጎረቤቶቻቸው ሐመሮች ጎረምሳን ለትዳር የሚያበቁት በከብት ዝላይ ነው።

ከብቶቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ቀድመው የዘለሉት ወጣቶች፣ ማዞቹ፣ ቀንድና ጅራታቸውን ይዘው ያቆሟቸዋል። ዘላዩ ራቁቱን ሮጦ የመጀመሪያው ከብት ላይ ይወጣል፤ ከጀርባ ወደ ጀርባ ተራምዶ ማዶ ይወርድና ዞሮ ይመለሳል፤ ይህን ደጋግሞ። እኔን የሚያስደንቀኝ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት። ከመሬት ተነስቶ፣ የሚጨብጠው ነገር ሳይኖር፣ በሚንቀሳቀስ ቆዳ ላይ መቆም!

ለማነጻጸር ያህል፣ በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኢልያ ማሊኒን በበረዶ ሸርተቴ ውድድር አየር ላይ አራት ዙር ተኩል ተሽከርክሮ በትክክል በማረፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ድንቅ ነው። እሱ የሚያርፍበት በረዶ ግን ከሥሩ አይንቀሳቀስም፤ የበናው ልጅ መርገጫ ይተነፍሳል፣ ይደነብራል።

ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ካሜራችሁን ለአፍታ አውርዳችሁ እግሩን ተመልከቱ።