ዋጋዱጉን ያላየ ሰው ስለ ዋጋዱጉ

ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ ካፌው በር ላይ ቆመን ስለ ፊልም ስንጨቃጨቅ አንድ የታሪክ ክፍል ጓደኛዬ «እሱ እኮ ካን የገባ ፊልም ነው!» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሞከረ። የሚያወራው ስለ ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም መሆኑ እውነት ነው። «አይተኸዋል?» አልኩት። አላየውም። እኔም አላየሁትም ነበር። ሁለታችንም ባላየነው ፊልም ላይ ግማሽ ሰዓት ተሟግተን የክፍል ሰዓት ደረሰና ተለያየን።

የዚያን ቀን ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። እኛ ተማሪዎች የአገራችንን ፊልም የምንመዝነው በሄደበት ከተማ ሆኗል። ካን፣ ቬኒስ፣ በርሊን እያልን ስም እንቆጥራለን። ፖስተሩ ላይ ያቺ የቅጠል አክሊል ከተሣለች ሒስ አበቃ፤ ፈረንጅ አይቶ ፈርዷላ! በበኩሌ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል። ፊልሙ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀው ማን ነው? እንደ ፊልሙ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው ወይስ ባለጉዳዩም አለ?

«ድፍረት»ን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካን አገር በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በርሊን ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፣ የዳኞች አይደለም፣ የተመልካች ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሊመረቅ ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የእግዱን ሕጋዊ ጉዳይ ለሕግ ተማሪዎች እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ስለ እኛ ገጠር የተሠራውን ፊልም አይቶ ድምፅ ለመስጠት የበርሊን ሰው ከእኛ መቅደሙ ነው።

ይህን እያሰብኩ ሳነብና ሳጠያይቅ ደጋግሜ የምደርሰው አንድ ከተማ ላይ ነው፤ የቡርኪናፋሶዋ ዋጋዱጉ። ሄጄ አላውቅም፣ የኪስ ገንዘቤም ከሲኒማ ቤት በር አያሳልፍም። ታዲያ ያላየኸውን ከተማ ምን አገባህ ለሚለኝ፣ ካንንስ ማን አይቶ ነው?

የአፍሪካ ፊልም ሳምንት እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አገሩ ያኔ ላይኛው ቮልታ ይባል ነበር። ያኔ እነ ኡስማን ሰምቤን ፊልም መሥራት ጀምረዋል፤ ችግሩ የሚያሳዩበት ማጣታቸው ነበር። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ የነበሩትን ሲኒማ ቤቶች ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ይዘዋቸዋል፤ የሚያሳዩትም የራሳቸውን ነው። በ1970 መንግሥት ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። ከ1972 ጀምሮ ታላቁ ሽልማት በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ ፈረሰኛዋ ልዕልት በየኔንጋ ስም ተሰየመ፤ የየኔንጋ ድንጉላ ይሉታል። ከ1979 ወዲህ ፌስቲቫሉ በየሁለት ዓመቱ ይከበራል፤ ፌስፓኮ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው የ1985ቱን ነው። ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው ቶማስ ሳንካራ አገሩን በዘመቻ የባቡር ሐዲድ እያስነጠፈ ነበርና ለፌስቲቫሉ የመጡትም ፊልም ሠሪዎች ወደ ሥራው ቦታ ሄደው ሐዲድ አነጠፉ። እስቲ አስቡት! ሻንጣውን ይዞ ሊሸለም የመጣ ዳይሬክተር ብረት ሲያነሳ! «ዘመቻ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን ትዝታ እንዳለው ስለማውቅ ነገሩን ቅዱስ አላደርገውም፤ ትንሽ ቲያትርም ነበረበት ይሆናል። ግን እንግዳው ወደ ባለአገሩ ሥራ ሄደ እንጂ ባለአገሩ ከገመድ ኋላ ቆሞ እንግዳውን አላየም። ሳንካራ በ1987 ተገደለ፤ ፌስቲቫሉ ግን ቀጠለ።

መንገደኞቹም መመላለሳቸውን አልተዉም። ሰምቤን እስኪያረጅ ድረስ ይሄድ ነበር። የማሊው ሱሌማን ሲሴ ድንጉላውን በ1979 እና በ1983 ሁለት ጊዜ ወስዷል። በየካቲት 2025 የዳኞች ሰብሳቢ ሆኖ ከባማኮ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው በ84 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማትን አገኘ፤ በዚያው ዓመት ቱኒስ ላይ የካርቴጅን ወርቅ፣ በመጋቢት 2009 ደግሞ የዋጋዱጉን ድንጉላ። ዋጋዱጉ ላይ መድረክ ወጥታ የተቀበለችው እህቱና የሥራ ባልደረባው ሰሎሜ ገሪማ ናት። ጋዜጦቻችን ሦስቱን በአንድ መስመር ይደረድሯቸዋል። እኔ ግን አንድ ናቸው አልልም። የቬኒስ ተመልካች «ጤዛ»ን ሲያይ ስለ ሩቅ አገር ያያል። ዋጋዱጉ ውስጥ ያለው ሰው አብዮት አይቷል፤ በአብዮቱ ስም ወንድም ወንድሙን ሲገድልም አይቷል፤ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወይም ሳይመለስ የቀረ ዘመድም አያጣም። አማርኛውን ባይሰማም ነገሩ የራሱ ነው።

ምክንያቱም «ጤዛ» ራሱ የመንገድ ፊልም ነው። ሐኪሙ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ በደርግ ዘመን ጓደኛውን በግፍ አጥቶ፣ እንደገና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ እዚያ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣል። በ1990 ጣና ዳር ወዳለችው የእናቱ መንደር ሲመለስ መንደሩ መድኃኒት ይጠብቅበታል። እሱ ግን የያዘው ቅዠት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ድንጉላውንም አክሊሉንም ወደ ጎን አድርጌ ሒሴን ልናገር። የመንደሩ ክፍል ታላቅ ሥራ ነው። ልጆቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ፣ እናቲቱ ቃል ሳታወጣ ልጇን ስታየው፣ መንደሩ የገፋት አዛኑ ዳር ዳሩን ስትሄድ፣ ኃይሌ ጊዜ ይሰጣል፤ አይቸኩልም፤ ሰዎቹ አይሰብኩም። ጀርመን ስንገባ ግን ሁሉም ተናጋሪ ይሆናል። ተማሪዎቹ ስለ አብዮቱ ሲከራከሩ የምንሰማው ሰውን ሳይሆን በራሪ ወረቀትን ነው። አንዳንዱ «ያኔ እንዲያ ነበር የሚወራው» ይለኛል። ይሁን፤ አባቶቻችን እንዲያ ይናገሩ ነበር። ግን ሰው መፈክር ሲናገር ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ፍርሃት አለ፣ ለሴት መታየት መፈለግ አለ፣ ረሃብም አለ። ካሜራው እናቲቱ ፊት ላይ ያየውን ተማሪዎቹ ፊት ላይ ለምን አልፈለገውም? እንደሚመስለኝ የጀርመኑ ክፍል ለማያውቀው እንግዳ የሚያስረዳ ነው፤ የመንደሩ ክፍል ለማንም አያስረዳም። አንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ተመልካች ተቀምጧል፤ አንዱ ቬኒስ፣ ሌላው ዋጋዱጉ።

ፌስፓኮንም ቢሆን አላመልከውም። ከተማው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ፊልሙም ያንኑ ቋንቋ ከግርጌው ጽፎ ካልመጣ ሰሚ ያጣል። ከ1972 እስከ 2003 ድረስ ድንጉላውን ከወሰዱት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ወገን አንድ የጋና ፊልም ብቻ ነው፤ የ1989ኙ የክዋው አንሳ «ሄሪቴጅ አፍሪካ»። ከ2005 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያ፣ ከዚያም የእኛው «ጤዛ» ተከታትለው በሩን ገፉት። ሽልማቱን የሚሰጠው ዳኛ እንጂ ሕዝቡ እንዳልሆነም አልረሳሁም። የአውሮፓ ገንዘብም ለብዙ ዘመን በጀቱ ውስጥ አለ። ቢሆንም ምሽት ላይ ወንበሩን የሚሞላው የከተማው ሰው ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ይገባል፣ ያልወደደውንም ፊልም ጮክ ብሎ ያወርድበታል ይላሉ ሄደው ያዩ ሰዎች። ካን ውስጥ እንዲህ ያለ የሰፈር ሰው የት ይገኛል?

«ጤዛ»ን እኔ ያየሁት ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ነው፤ ሁለት አልጋ ገጥመን፣ ስምንት ሆነን፣ ድምፁ አልሰማ እያለን። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ሄዶ በባትሪው ጨረስነው። ዋሻው ጋ ስንደርስ ከጎጃም የመጣው ልጅ «ይኼ የአባቴ ታሪክ ነው» ብሎ አጎቱ እንዴት እንደታፈሰ ሲነግረን ፊልሙን አቁመን አዳመጥነው። የታሪክ ክፍሉ ጓደኛዬም ነበረ። እሱ የጀርመኑ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፣ አንተ ክርክር ስለማትወድ ነው እንጂ፣ ይለኛል። መልሱን ለሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ ብሏል፤ ይጻፍ። «ላምብ»ን ግን አሁንም አላየውም።