አንደኛ ክፍል ግቢ

አዲስ የተመደበች የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ «ጋሼ፣ ለሱፐርቪዥን ስወጣ መጀመሪያ የቱን ክፍል ልይ?» አለችኝ። ባልደረባዬ ቀደመኝና «12ኛን ነዋ! የምንገመገመው በእሱ ነው» አላት። ከእሱ ጋር በዚህ ነገር ስንከራከር ኖረናል፤ ዛሬም አልስማማም።

ጭንቀቱ ይገባኛል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ያልደነገጠ ወረዳ የለም። ማጠናከሪያው፣ የቅዳሜው ትምህርት፣ ሞዴል ፈተናው ተከታተለ። ከታችም ቢሆን ጎበዝ መምህር የሚመደበው ለሚኒስትሪ ተብሎ 8ኛ ክፍል ነው። አንደኛ ክፍል ለጀማሪ ይተዋል።

እኔ ግን አንደኛ ክፍል ግቢ እላለሁ። ከኋላ ተቀመጪ። ልጆቹ «ለ ሉ ሊ ላ» ሲሉ ክፍሉ ይናወጣል፤ ሁሉም ያወቀ ይመስላል። ከዚያ አንዱን ጠርተሽ «ሌ»ን ብቻ ነጥለሽ አሳዪው። ዝም ይላል። በከንፈሩ ከ«ለ» ተነሥቶ ይቆጥርና ይደርስበታል። «ቤት» ብለሽ ጻፊለት፤ ሁለቱን ረድፍ ቆጥሮ እስኪጨርስ ቃሉ ይጠፋበታል። ይህን ልጅ ባለ26 ስታንዳርዱ ኢንስፔክሽን አያገኘውም። ከክፍል ክፍል እየተዛወረም ሳያነብ 4ኛ ይገባል። ይደግም ማለቴ አይደለም፤ የሚያነበው መጽሐፍ ሳይሰጠው በፊት ማንበቡን የሚያረጋግጥለት ሰው ይኑር ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ሀሁን ካስጨረሱን በኋላ አቡጊዳ ያስገቡን ነበር፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። የለመድነው ዜማ ሲፈርስ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንብናል። ያኔ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን አንድ ሕፃን ከገጹ መሀል የጠቆምኩትን ፊደል ሳይቆጥር ሲጠራልኝ፣ ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

የወረዳ በጀት ከደመወዝ አያልፍም፤ ይህን አውቃለሁ። ምደባ ግን ብር አይጠይቅም። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ርእሳነ መምህራን፣ ለመጪው መስከረም ድልድል ስትሠሩ ከሁሉ የበረታውን መምህር አንደኛ ክፍል መድቡልን።