አዲስ ገንዳ ሲለካ ሳሎኑም ይለካል

የባሕር ውኃ አኳሪየም ገና የጀመረ ሰው ሲደውልልኝ ጥያቄውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ "ፒኤቹ 7.8 አሳየኝ፣ ምን ልጨምርበት?" ነው የሚለኝ። እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ በስንት ሰዓት ነው የለካኸው? መስኮቱስ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ? አንዳንዱ መልስ አጥቼ የማድበሰብስ ይመስለዋል። ነገር ግን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በየሰው ሳሎን የኮራል ገንዳ ስንከባከብ ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ሰዓቱና የክፍሉ አየር አብረውት ካልተጻፉ፣ የፒኤች ቁጥር ብቻውን ምንም ነገር እንድናፈስ አያዘንም።

ልኬቱን በ1909 ያወጣው ሶረን ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው፤ ይሠራ የነበረውም ኮፐንሃገን በሚገኘው በካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ነበር። ቁጥሩ የሚነግረን ውኃው ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን ሲሆን አቆጣጠሩ በሎጋሪዝም ነው። ስለዚህ ከ8.1 ወደ 7.8 መውረድ ለዓይን ትንሽ ይምሰል እንጂ አዮኑ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። የውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረበት 8.2 ገደማ ዛሬ ወደ 8.1 ገደማ መውረዱ የባሕር ተመራማሪዎችን የሚያሳስበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያች በአንድ አሥረኛ ውስጥ አዮኑ ከሩብ በላይ ጨምሯል። የቤት ገንዳ ግን በየቀኑ ከዚህ በላይ ይወጣል ይወርዳል። ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ እስከዋለ ድረስ ኮራል ይኖራል።

ብዙ ሰው የሚያቃልለው አለካኩን ነው። በጠብታ የሚሠራውን መለኪያ እንውሰድ። ብልቃጡን በቧንቧ ውኃ አጥቤ ብቻ አልተወውም፤ በራሱ በገንዳው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቀልቀዋለሁ። ከዚያ ዓይኔን ከመስመሩ እኩል ዝቅ አድርጌ እስከ 5 ሚሊ ሊትር እሞላለሁ። የጠብታውን ጠርሙስ ቀጥ አድርጌ እዘቀዝቀዋለሁ፤ ከተንጋደደ ጠብታው አንዴ ይተልቃል አንዴ ያንሳል። ስነቀንቀው አፉን በጣቴ አልደፍነውም፤ ክዳን አለው፣ የቆዳ ላብም ያቺን ለምታህል ውኃ ቀላል አይደለም። ቀለሙን ደግሞ በገንዳው መብራት ሥር በፍጹም አላነበውም። የኮራል ገንዳ መብራት ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ በእሱ ሥር አንድም ቀለም እውነተኛ መልኩን አያሳይም። ብልቃጡን ይዤ ወደ መስኮት እሄዳለሁ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ወረቀት አቆማለሁ፣ በቀን ብርሃን ወይም በነጭ አምፖል ከመለኪያው የቀለም ካርድ ጋር አስተያያለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ውኃው እንደተቀዳ ነው፤ ከቆየ ከክፍሉ አየር ጋር ጋዝ ይለዋወጣል። እንዲህም ተጠንቅቆ የሰው ዓይን 8.0ን ከ8.2 ቢለይ ነው። መለኪያው ለጨው ውኃ የተሠራ መሆኑንና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ጨዋማነት ራሱ የቀለሙን ንባብ ይለውጣልና።

የኤሌክትሮድ መለኪያ ይሻላል፣ በእንክብካቤ ከተያዘ። አርኖልድ ቤክማን በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፒኤች መለኪያውን የሠራው የሎሚ ጭማቂ አሲድነት መለካት ላስቸገረው ኬሚስት ነበር። ዛሬ ብዕር የሚያህለው መሣሪያም ጫፉ ላይ ያው ስስ መስታወት አለው። ይህ መስታወት መድረቅ የለበትም፤ በተጣራ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥም ይጎዳዋል፤ የራሱ ማስቀመጫ ፈሳሽ አለው። ልኩን የማስተካክለው በ7 እና በ10 ቡፈር (ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ) ነው፤ የባሕር ውኃ የሚውለው በሁለቱ መካከል ስለሆነ። የ10ሩ ቡፈር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚወርድ የቀዳሁትን ወደ ጠርሙሱ አልመልሰውም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካነሳን ወደ ሳሎኑ እንግባ። ጋዙ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ውጭ ያለው አየር በሚሊዮን ውስጥ 420 ገደማ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ በር መስኮቱ ተዘግቶ ሰው የሚተነፍስበት ቤት ውስጥ ከ1000 ማለፉ የተለመደ ነው። የገንዳው አልካላይኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) እንዳለ ሆኖ የክፍሉ ጋዝ እጥፍ ቢሆን ፒኤቹ ከ0.2 እስከ 0.3 ይወርዳል። በገና ማግስት ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሌሊቱን ዘመድ አዝማድ ሞልቶበት ያደረ ቤት ነው፤ ወጡ በጋዝ ምድጃ ላይ ሲሠራ ውሏል፣ ውጭ ብርዱ ስለከፋ መስኮት የነካ የለም።

"ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ ደህና የነበረው ውኃ ዛሬ 7.7 አለኝ። ምን ላድርግበት?"

"አይዞዎት እትዬ፣ ምንም አይጨምሩበት። ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ብቻ ይስጡኝ።"

ሁለቱንም ከገንዳው ሞላሁ። ለአንዱ ትንሽ የአየር ፓምፕ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ቱቦዋን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባሁለት፤ ለሌላው ሌላ ፓምፕ እዚያው ሳሎን አደረግሁለት። ብርጭቆዎቹን ውጭ ያላወጣኋቸው ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ነው፤ ሙቀት ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል አየር ከተነፋባቸው በኋላ የውጭ አየር ያገኘው 8.1 አለ፣ የሳሎኑን አየር የሳበው ግን ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም። ይህን ሙከራ ለኮራል ጠባቂዎች በጽሑፍ ካስተማሩት አንዱ ኬሚስቱ ራንዲ ሆልምስ ፋርሊ ነው፤ ከየትኛውም ውድ ዕቃ በላይ የማምነው መሣሪያ ሆኖልኛል። እዚያ ቤት የሠራሁት ሥራ የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚለየው መሣሪያ) የአየር መሳቢያ ቱቦ በረዘመ ቱቦ ተክቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ ነበር።

ከክፍሉ ሌላ ሰዓቱም አለ። መብራቱ በርቶ ሳለ አልጌውና ኮራሉ ውስጥ ያለው አልጌ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመገቡታል፣ ፒኤቹም ይወጣል። ሲጠፋ ሁሉም ይተነፍሳል እንጂ የሚመገበው የለም፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ንባብ ጠዋት መብራቱ ሳይበራ፣ ከፍተኛው ማታ ሊጠፋ ሲል ነው። በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች ለክቶ መጻፍ ይበቃል።

አዲስ ገንዳ ደግሞ ለዝቅታ የተጋለጠ ነው። ድንጋዩ ላይ ገና የሚራቡት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አሲድ ይፈጥራሉ፣ አልካላይኒቲ ይበላሉ። ጋዙን የሚመገብ አልጌም ገና አልበቀለም። በዚህ ጊዜ 7.9 ማንበብ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው አሞኒያ እያለ ፒኤቹን በግድ ከፍ ማድረግ ነው። አሞኒያ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ዓሣ የሚገድለው መልኩ ድርሻው ከፒኤች ጋር ይጨምራል፣ ከ7.9 ወደ 8.2 ሲወጣም እጥፍ ወደ መሆን ይቃረባል። አሳቢ ሰው ለዓሣው ሲል ባፈሰሰው የፒኤች ማንሻ ጠርሙስ ዓሣው ሲሞት ማየት ያሳዝናል፤ አይቻለሁም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ካርቦኔትና ቢካርቦኔት ነው። ሲፈስ ቁጥሩ ለጥቂት ሰዓታት ይወጣል፤ ከዚያ ውኃው ከክፍሉ አየር ጋር ሲስተካከል ተመልሶ ይወርዳል። የማይወርደው አልካላይኒቲው ነው። ባለቤቱ በማግስቱ ይደግማል፣ በሠልስቱም፤ በመጨረሻ ካልሲየሙ ከካርቦኔቱ ጋር ተያይዞ እንደ ነጭ ቅርፊት ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ይጋገራል። ኮራል አፅሙን የሚሠራበት ማዕድን ይኸው ነበር። ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ገብቶ በነበረበት ጥንታዊ ዘመን የበቀለው ኮራል ዛሬም አፋር ውስጥ በጨው ሜዳው ዳር ድንጋይ ሆኖ ይታያል፤ ያን ያህል የሚጸና ነገር የሚገነባ ፍጡር ጥሬ ዕቃው በማሞቂያ ላይ ሲባክን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

አልካላይኒቲው ራሱ ሲጎድል ግን አልጠብቅም። የተፈጥሮ ባሕር ውኃ በአልካላይኒቲ መለኪያው በዲኬኤች 7 ገደማ ነው፤ እኔ ከ8 እስከ 9 መያዝ እወዳለሁ። ከ7 በታች ከወረደ ቤኪንግ ሶዳ እጨምራለሁ። ፒኤቹም አብሮ ዝቅ ካለ ዱቄቱን በምድጃ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ያህል እጋግረዋለሁ፤ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፣ ቁጥሩንም ያነሳል። ፒኤቹ ደህና ከሆነ ሳልጋግር እጠቀማለሁ። ሁለቱንም በተጣራ ውኃ አሟሙቼ ፓምፑ በሚገፋበት በኩል ቀስ እያልኩ አንጠባጥባለሁ፣ በቀን ከ1 ዲኬኤች አላልፍም፤ በማግስቱም መብራቱ ሳይበራ እንደገና እለካለሁ።