በሜንደልሶን ፉጋ መጨረሻ ያለው መዝሙር

ፉጋ የሚባለው የሙዚቃ ድርሰት በብዙ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሒሳብ መልመጃ ይታያል። ለዚህም ምክንያት አለው። አንድ ድምፅ ብቻውን አጭር ዜማ ያሰማል፤ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ከአምስተኛው ኖታ ተነሥቶ ይመልሳል፤ ሦስተኛውና አራተኛውም በየተራቸው ይገባሉ፤ ቀዳሚዎቹም ዝም ሳይሉ በሌላ ዜማ ያጅቧቸዋል። እኛም መምህራን ሕጉን ያስተማርን እንደሆነ ፉጋን ያስተማርን ይመስለናል። ይህን አስተያየት ለማረም ከጀርመናዊው ከፌሊክስ ሜንደልሶን የኢ ማይነር ፕሬሉድና ፉጋ (ኦፑስ 35፣ ቁጥር 1) የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሜንደልሶን ፉጋውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1827፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ባልንጀራው ሹብሪንግ እንደተረከው፣ ድርሰቱ የተወለደው ወዳጃቸው አውጉስት ሐንስታይን በሞት አፋፍ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ከአልጋው አጠገብ ነው። ሜንደልሶን በዚያን ጊዜ የባኽን ሥራዎች በጥልቀት ያጠና ስለ ነበር፣ ሐዘኑን የሚያኖርበት ዕቃ ሲፈልግ ያገኘው ጥብቅ ሕግ ያለውን ፉጋን መሆኑ አያስገርምም። ከሁለት ዓመት በኋላም በበርሊን የባኽን የማቴዎስ ሕማማት እንደገና ለሕዝብ ያሰማው እርሱ ነው።

ስለ ፕሬሉዱ ብዙ ማለት አያሻም። በፒያኖው ላይ ከላይ እስከ ታች በሚሮጡ ኖታዎች መካከል አንድ ዜማ ይዘምራል። የሚያምር ነው፤ ግን ከጣት ሥራነቱ አልፎ የሚነካኝ ጥቂት ነው።

ፉጋው ግን ቀስ ብሎ፣ ሰፋፊ ዝላይ ባለበት ዜማ ይጀምራል። አራቱ ድምፆች ከገቡ በኋላ ዜማው ይገለበጣል፤ ይኸውም የወረደው ይወጣል፣ የወጣው ይወርዳል። ይህ የታወቀ የትምህርት ቤት ብልኀት ነው። እዚህ ላይ ግን ሕመምተኛ በአልጋው ላይ እንደሚገላበጥ ሆኖ ይሰማል። ፍጥነቱም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ሕጉ ሳይፈርስ ጭንቀቱ ይበረታል። ከጫፍ ሲደርስ በድንገት በሜጀር፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ የሉተራን ምእመናን በአንድነት የሚዘምሩትን የሚመስል መዝሙር ይነሣል። የግራ እጅም ከሥሩ በኦክታቭ ይራመዳል።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹና ሐያሲው ቻርልስ ሮዝን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ሮማንቲክ ትውልድ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፉጋውን ታላቅነት ሳይክድ ይህን መዝሙር ክፉኛ ነቅፎታል። እንደ እርሱ አስተያየት፣ ቤተ ክርስቲያንም ሥርዐተ ጸሎትም በሌለበት የኮንሰርት አዳራሽ የመንፈሳዊነት ስሜት ብቻ ለአድማጩ ይታደላል። ነቀፋው መሠረት የለውም አልልም። መዝሙሩን በኃይል ብቻ የሚደበድቡ ተጫዋቾች ሮዝንን ትክክለኛ ያደርጉታል።

ነገር ግን ድርሰቱ በመዝሙሩ አያበቃም። ሜንደልሶን በድል ጩኸት ሊዘጋው ሲችል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መጀመሪያው ዝግታ ይመልሰናል። ያ የሐዘን ዜማ በሜጀር ሆኖ በለሆሳስ ይሰማል፤ የተጽናና ሰው ሞቱን አይረሳም። ስለዚህ መዝሙሩ መልስ ሳይሆን በመካከል የተሰማ ጸሎት ነው እላለሁ።

ሜንደልሶን ስድስቱን ፕሬሉዶችና ፉጋዎች እ.ኤ.አ. በ1837 በአንድነት ሲያሳትም ይህን አስቀድሞታል። በክፍል ውስጥ የሚያሰማ መምህር መዝሙሩ እንዳበቃ ቅጂውን አያቁም፤ የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ያሰማ።