ከጠገራ ብር የተሠራ የአንገት መስቀል

የቀድሞው ዘመን አንጥረኛ፣ ማለትም ብርና ወርቅ አቅልጦና ቀጥቅጦ ጌጥ የሚሠራው ባለሙያ፣ ብሩን በአብዛኛው የሚያገኘው ከገበያ ገንዘብ ነበር፤ ይኸውም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመበትና ሕዝቡ ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ሲል የሚጠራው ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ንጽሕናውም ከ1000 እጅ 833 እጅ በመሆኑ አንጥረኛው ያለ ሥጋት ይቀበለው ነበር፤ የተቀላቀለበት መዳብም ብሩን ስለሚያጠነክረው ቀጭኑ የመስቀል ክንድ በቀላሉ አይጎብጥም። ጠገራው ሳይቀልጥ ተቀጥቅጦ፣ ከዚያም በመጋዝና በሞረድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ዓይነት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ መስቀሉ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ የንግሥቲቱ ፀጉር ወይም በገንዘቡ ሌላ ገጽ ያለው የንስር ላባ ደብዝዞ ይታያልና፣ ይህን ቅሪት እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰብሳቢ የዕቃውን ግማሽ ውበት ያጣል። ገንዘቡ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላም ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ መታተሙን ስለቀጠለ፣ በመስቀሉ ጀርባ የሚነበብ ቁጥር ዕድሜውን አይናገርም፤ የማተቡ ክር ለዓመታት እየፈተገ ያሳሳው የማንጠልጠያው ቀለበት የተሻለ ምስክር ነው።