አንድ አንባቢ ብቻ ያለው ድርሰት

ከምርጫ 97 ወዲህ በብዛት የተጻፈልን የስድ ንባብ ዓይነት የትኛው ነው ብባል፣ ልቦለድም ማስታወሻም አልልም። ከጥገኝነት ማመልከቻ ጋር የሚያያዘው የሕይወት ታሪክ ነው። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ «ኬዝ» እንለዋለን። በአማርኛ ይነገራል፣ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ አንድ መኮንን ያነበዋል፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ይገባል። ለዓመታት ከተርጓሚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ከዚህ ዘውግ ያነበብኩት ከአማርኛ ልቦለድ ካነበብኩት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የማንንም ኬዝ እዚህ አልዘረግፍም። ማውራት የምፈልገው ስለ ቅርጹ ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ መጻሕፍታችንንም መግዛት ጀምሯል ብዬ አምናለሁ።

ቅርጹን የሚወስነው ሕጉ ነው። ፎርም አይ-589 አመልካቹን የሚጠይቀው የደረሰበት ወይም ይደርስብኛል ብሎ የሚፈራው በደል በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የመጣ መሆኑን እንዲያስረዳ ነው። በመሠረቱ አገር በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባት አለበት። ስለዚህ ታሪኩ ከትውልድ ቦታ ይነሳና ቶሎ ወደ ግንቦት 7 ቀን 1997 ይሮጣል። ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ ቅንጅትን ደገፍኩ፣ ታዛቢ ሆንኩ፣ ተያዝኩ፣ ተደበደብኩ፣ በዋስ ወጣሁ፣ ሸሸሁ። የምርጫ ካርዱ ከተገኘ ኮፒው በማስረጃነት ይያያዛል። ሁሉም ነገር ቀን አለው፣ ሁሉም ነገር ሰበብ አለው። ከአንቀጽ አንቀጽ የምታሻግረው «ስለዚህ» የምትባለው ቃል ዕረፍት የላትም። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው እውነት ነበር፤ አንዳንዱን ተርጉሜ ስጨርስ ምግብ አልበላ ይለኝ ነበር። የምለው፣ እውነቱ የሚገባበት ሣጥን ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቀዋል ነው።

ሣጥኑ ውስጥ የማይገባው ነገር ይሰረዛል። ከተሰረዙት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ከፋይሉ ስለወጣ የማንም ኬዝ አይደለም። አንዲት ሴት መሄድ የቆረጠችው ታስራ የተፈታች ቀን ሳይሆን አባቷ ሬዲዮኑን የሸጠ ቀን እንደነበር ነገረችን። ሰውዬው ለዓመታት ማታ ማታ ጀርመን ድምፅንና ቪኦኤን ሳይሰማ አይተኛም ነበር። ጠበቃው «ይሄ ለኬዙ ምን ይጠቅማል?» አለና ሰረዘው። ልክ ነበር። ሬዲዮ ስለተሸጠ ጥገኝነት አይሰጥም። እንደ አንባቢ ግን፣ ሰው ለምን አገሩን ትቶ እንደሚሄድ ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የነገረኝ እሱ ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ ሰው «ምርጫው ይለፍና» የምትለዋን አባባል አይረሳትም። ቤት የሚያድሰው፣ ሠርግ የሚደግሰው፣ ሱቅ ሊከፍት ያሰበው፣ ሁሉም ምርጫው ይለፍና ይል ነበር። ለመውጣት ያሰበም እንደዚያው። ምርጫ ሰውን ከመግፋቱ በፊት እንዲህ አድርጎ ያስጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው በልቡ ያዘለውን ውሳኔ ባንድ ቀን ላይ ይቀጥርለታል። ቀኑ ደረሰ። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ለጥቂት ሳምንታት መሄዱን የተወ ሰው ነበር፤ ይሄኛውን ማንም አይጽፈውም፣ ምክንያቱም ለመቅረት ፎርም አይሞላም። ከዚያ ሰኔ 1 ተኩስ ሆነ። በጥቅምት 1998 እንደገና። አጣሪ ኮሚሽኑ በመጨረሻ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ይህንንም ለውጭው ዓለም አስቀድመው የነገሩት የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ ዳኛ ያን ጊዜ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ። ቆጣሪውም ከተቆጠሩት ጋር ከአገር ወጣ እንደማለት ነው።

ያ ጥቅምት የዲቪ መሙያ ወቅትም ነበር። የዚያ ዓመት ሎተሪ ከመስከረም 25 እስከ ኅዳር 25 ክፍት ነበረ። በአንድ በኩል መንገዱ ጎማ ይቃጠልበታል፣ በሌላ በኩል ፎቶ ቤቱና ኢንተርኔት ቤቱ ወረፋ አለ። ዲቪ ታሪክ አይጠይቅም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ በቃ። አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ጣቢያ የመረጡ፣ በአንድ ወር የወሰኑ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩ፣ በሎተሪ የወጣው «ዕድለኛ» ነው፣ በኬዝ የገባው «ፖለቲከኛ»። ያኔ ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ የሄደችው እህታቸውማ፣ ምርጫው ከምክንያቶቿ አንዱ ይሁን አይሁን ጠያቂ እንኳ የላትም። ስለ ምርጫና ስደት የምናውቀው ነገር ሁሉ የመጣው ከጠያቂው በኩል ነው። የተጠየቀው ተጻፈ፣ ያልተጠየቀው ቀረ።

«መጀመሪያ በደል፣ ቀጥሎ ሽሽት» የሚለውን ቅደም ተከተል የሚያፈርሰው ደግሞ ተከታዩ ምርጫ ነው። የአዲስ ነገር ጋዜጣ አዘጋጆች አገር ለቀው ጋዜጣው መታተም ያቆመው በኅዳር 2002 ነው፤ ምርጫው ሊካሄድ ስድስት ወር ያህል ሲቀረው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ አንድም አላስተረፉም። ከ2007ቱ ምርጫ በፊትም፣ በ2006 በፋክት፣ በሎሚ፣ በአዲስ ጉዳይና በሌሎች ኅትመቶች ላይ ክስ ሲታወጅ በርካታ ጋዜጠኞች ወጡ። እነዚህ ሰዎች የሸሹት ገና ያልመጣን ምርጫ ነው። ያለፈውን ያነበበ ሰው የሚመጣውን ያውቀዋል። ይህ ዓይነቱ እውቀት፣ በአጥንት የሚታወቀው፣ ለልቦለድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለፎርም ግን «ግምት» ይባላል።

ይህን ዘውግ ከሥሩ ያየው ልቦለድ፣ እኔ ካነበብኳቸው ውስጥ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የዲናው መንግሥቱ «ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር»፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው። ተራኪው ዮናስ አሜሪካ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የስደተኞች ማዕከል የአመልካቾችን ቃል ያርማል፣ ያሳምራል፣ ሲያስፈልግም ይጨምርበታል። በኋላ አስተማሪ ሲሆን፣ በዚያው በለመደው እጁ የገዛ አባቱን ስደት ለተማሪዎቹ እየፈጠረ ይተርካል። ዲናው የገባው ነገር ይሄ ነው፦ ፋይል ማሳመር የለመደ ብዕር ቤቱ ሲገባ አይቀመጥም። ቅሬታዬ፣ አመልካቾቹ በልቦለዱ ውስጥ እንደ ሰው ብዙም አለመቆየታቸው ነው። ለዮናስ ችግር ማገዶ ሆነው ያልፋሉ። መጽሐፉ የአርሚው መጽሐፍ ነው። የባለታሪኮቹ መጽሐፍ በአማርኛ መጻፍ ነበረበት።

ለምን እንዳልተጻፈ ሳስብ ስንፍና ወይም ፍርሃት ብዬ ማለፍ ይከብደኛል። ያቺ ሬዲዮ የተሸጠባት ሴት ማስታወሻዋን ልትጽፍ ብትቀመጥ ምን ይገጥማታል? ታሪኳን አንድ ጊዜ ምላበታለች። ፈርማበታለች። ከፋይሉ የተሰረዘውን በመጽሐፍ ብትመልሰው፣ ሊያሸብራት የሚፈልግ ሰው «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» ይላታል። ስለዚህ በቡና ሰዓት እንኳ ልጆቿ ሲጠይቋት የምትነግራቸው የፋይሉን ታሪክ ነው፤ ቀን በቀን፣ ሰበብ በሰበብ። ልጆቹ አያታቸው ሬዲዮ እንደነበራቸው አያውቁም። ብዙዎቹ የስደት ማስታወሻዎቻችንም ለእኔ እንዲሁ ይነበባሉ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ መኮንን ያለ ይመስል ይምላሉ፣ ያስረዳሉ፣ ጥርጣሬን አስቀድመው ይከላከላሉ። ደራሲው ሲያመነታ፣ ሲሰስት፣ ዲቪ ሲሞላ፣ የጓደኛውን ሹመት ሲመኝ አናየውም።

የእስር ቤቱ ጽሑፍ ከዚህ ነፃ ነው፤ የሚገርመውም እሱ ነው። ብርሃኑ ነጋ (ዶ/ር) «የነጻነት ጎህ ሲቀድ»ን ቃሊቲ ሆነው ጽፈው ካምፓላ ሲታተም ገና እስረኛ ነበሩ። የብርቱካን ሚደቅሳ «ቃሌ»ም፣ በ2001 ዳግም ከመታሰራቸው በፊት የወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አድራሻው ለአገር ሰው ነው። በእኛ ቋንቋ ቃል መስጠት ማለት ፖሊስ ጣቢያም ይሠራል። እሳቸው ቃሉን ከጣቢያው አውጥተው ለሕዝብ ሰጡት። አሳማኝ የሚሆነውም ማንንም ለማሳመን ስለማይጣደፍ ነው፤ ደራሲዋ የሚለምኑት ፈቃድ የለም።

ሁለቱም ግን በኋላ ወጡ። ብርሃኑ ነጋ ከምህረቱ በኋላ በስደት ሆነው ድርጅታቸውን ግንቦት 7 አሉት፤ አንድን የምርጫ ቀን ውጭ አገር ይዞ ሄዶ ስም ማድረግ፣ ለእኔ ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ዘይቤ ነው። ብርቱካን ሚደቅሳ ከእስር ሲፈቱ ወደ አሜሪካ ሄዱ፣ በ2011 ተመልሰው የምርጫ ቦርድን ሰበሰቡ፣ የ2013ቱን ምርጫ አስፈጸሙ። የወጡበትን ምርጫ ዓይነት ራሳቸው ሊያካሂዱ የተመለሱ ሰው ናቸው። የእስር ቤቱን ምዕራፍ በብዛት አንብበናል፣ የቦርዱን ስብሰባ በቴሌቪዥን አይተናል። እኔን የሚያጓጓኝ በመካከል ያለው ነው። ሻንጣው ሲዘጋ ምን ቀረ፣ እናት በሩ ላይ ምን አሉ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰው እፎይ ብሎ ያፈረበት ደቂቃ አለ ወይ? መኮንኑ ይህን አይጠይቅም፤ ጋዜጠኛውም አልጠየቀም።