በአንቀጽ 92 የተፈረመ ሲቪ

በአራዳ ምድብ ችሎት ሬጅስትራር በኩል የሚያልፍ የክስ ማመልከቻ ሁሉ ግርጌው ላይ አንዲት መስመር አለችው፤ የቀረበው ነገር እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የምትል። አብዛኞቹ ጠበቆች ከድሮ ፋይል ገልብጠው ይለጥፏታል እንጂ ቆም ብለው አያነቧትም። ሥራ ሊቀይር የተነሳ የሕግ ባለሙያ ያዘጋጀው ጥሩ ሲቪ እጄ ሲገባ ግን ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። ባትጻፍም ግርጌው ላይ ያለች ይመስለኛል።

ጠበቃ ለደንበኛው ሲጽፍ ቀን፣ ገንዘብና የውል ቁጥር እየቆጠረ ነው። ለራሱ ሲጽፍ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ፤ «ታታሪ፣ ቅን፣ በቡድን መሥራት የሚችል» ይሆናል። ፒያሳ ጽሕፈት ቤት ገብቶ «ሲቪ ሥሩልኝ» ያለ ሰው የሚያገኘውም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። እዚያ የሚጽፉት ልጆች ፈጣን ናቸው፤ አማርኛውንም አይሳሳቱም። ነገር ግን ከፊታቸው ያለውን ሰው የሥራ ዘመን ሊያውቁለት አይችሉም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን አንድ ቅጽ ከፍተው ስም ይቀይራሉ። አድራሻውም ከድሮው ፋይል እንዳለ ሊመጣ ይችላል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ «ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ» የሚል አድራሻ ያለበት የጠበቃ ማመልከቻ ማየት ያስቃል። መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው ቢያየው ኖሮ ምን ይል ነበር?

ወደ ሥራው እንግባ። አንድ የባንክ ነገረ ፈጅ እንውሰድ። ዓመታት ብድር ሲያስመልስ ቆይቶ አሁን ወደ ጥብቅና ድርጅት መዛወር ፈልጓል እንበል። መንገዱ ራሱ አዲስ ነው። ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ የተፈቀደው በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ሲቪው ላይ እንዲህ ይላል፤ «በርካታ የብድር ማስመለስ ክርክሮችን በብቃት መርቻለሁ።» በርካታ ስንት ነው? በብቃት ያለው ማን ነው? ዋናው ጉድለት ግን «ክርክሮችን» የሚለው ላይ ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ጠያቂ ወዲያው ይጠረጥራል፤ ይህ ሰው ችሎት ፊት ቆሟል ወይስ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው የኖረው? ሁለቱም ክቡር ሥራ ነው፤ አንድ ግን አይደለም።

የተሠራው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይኸውና፤ «ከ2009 እስከ 2016 መያዣ ላላቸው ብድሮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያና የሐራጅ ሰነድ አዘጋጅቻለሁ፤ ሐራጁ ያልሸፈነውን ቀሪ ዕዳ በሚመለከት ክስ መሥርቼ በአራዳና በልደታ ምድብ ችሎቶች ተከራክሬአለሁ።» መሐል ላይ ያለችውን ድርብ ሰረዝ ልብ በሉ። የጠረጴዛውን ሥራ ከችሎቱ የለየችው እሷ ናት። «አዘጋጅቻለሁ» በስተግራዋ፣ «ተከራክሬአለሁ» በስተቀኟ፤ አንዱ የሌላውን ክብር አይበደርም። «በብቃት» የሚል ቃል የትም የለም። አንባቢው ብቃቱን ከ«ቀሪ ዕዳ» ያነባል፤ ይህን ለይቶ የጻፈ ሰው ሐራጁ የት እንደሚያበቃና ክሱ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ይህ ጥበብ ከሌላ አገር የመጣ የሲቪ አጻጻፍ ትምህርት አይደለም። በ1958 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕጋችን አቤቱታ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ እንዲይዝ ያዛል። አንቀጽ 223 ደግሞ ምስክር ሲቆጠር ስምና አድራሻ አይበቃም፣ ለምን ጉዳይ እንደሚጠራም ይገለጽ ይላል። ሲቪ ላይ ግን ያው ጠበቃ ሦስት ሰው በስልክ ቁጥር ብቻ ይደረድራል። ከአንዱ ስም ጎን «የይግባኝ ማመልከቻዎቼን ሲያርሙ የነበሩ»፣ ከሌላው ጎን «ለአምስት ዓመት የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሆነው የተከራከሩኝ» የሚል ያየ ጠያቂ መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ይመስላችኋል? እኔ ብሆን ለተቃራኒው ጠበቃ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ያለው ሙያ ሌላ ነው። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ በአንደበታቸው ውበት አደባባይ ያስጨበጭቡ ነበር። ከዚያ የወረስነው ጌጡን ይመስለኛል። የተፋላሚን ቃል አድምጦ ለዚያችው ቃል መልስ መስጠቱን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። «ከባንኩ ለመልቀቅ ምን አነሳሳዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ሕግ የበላይነት ሩብ ሰዓት የሚናገር አለ። ጥሩው መልስ ይህን ያህል ነው፤ «ባንክ ውስጥ የማየው የአበዳሪውን ወገን ብቻ ነው። ከተበዳሪና ከዋስ ጎን ቆሜም መከራከር እፈልጋለሁ።» አለቃ አልተማም፣ ደመወዝ አልተነሳም። «ዋስ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ሰውዬው ከተበዳሪው ኋላ የቆመውንም እንደሚያይ ትናገራለች።

መልሱ አደጋም አለው፤ አዋቂ ጠያቂ ወዲያው ያየዋል። ትናንት ባንኩን ወክሎ የያዘውን ጉዳይ ነገ ለተበዳሪው ሊይዝ ነው? እውነተኛ ባለሙያ እስኪጠየቅ አይጠብቅም፤ «እኔ የያዝኳቸው የባንኩ ጉዳዮች ላይ በተቃራኒ ወገን አልቆምም» ብሎ ይቀድማል። ከዚያ ፈተናው ሊከተል ይችላል፤ «ያንን ትልቁን ክስ ባንኩ ለምን ተወው?» ፈገግ ብሎ «ምክንያቱን መናገር አልችልም፤ የችሎቱ ትእዛዝ ላይ የተጻፈውን ግን ላስረዳ» የሚል ሰው በዚያች ደቂቃ ከዲግሪው የበለጠ ማስረጃ አቅርቧል። የሥራ ናሙና ሲያሳይም እንዲሁ ነው፤ ስሞቹን ሁሉ አጥፍቶ፣ ገንዘቡን ሸፍኖ፣ የክርክሩን አጥንት ብቻ ያስቀራል።

አለቃቀቁ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ ይጽፍለታል። የሕግ አገልግሎት ኃላፊ ግን በነጻ አስተያየቱ ለአሠሪው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ከሆነ በዚያው አዋጅ ትርጉም የሥራ መሪ ነው፤ አዋጁ አይሸፍነውም። ስንት ጊዜ ለሌላው ያስረዳውን ነገር ለራሱ የሚረሳ ኃላፊ አይጠፋም። የቅጥር ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ሥራ ግን ሲቪው ውስጥ የለም። ለቅቆ የሚሄደው ባለሙያ የሚጽፈው የመዝገብ ርክክብ ነው። ብዙዎች የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ጽፈው ይፈርማሉ። አልፎ አልፎ ግን ተጨማሪ ዓምድ ያለው ይገኛል፤ ፍርድ የተሰጠበት ቀን፣ ከጎኑም በ60 ቀን የሚያልቀው የይግባኝ ጊዜ ቀኑ ተቆጥሮ። ቀጥሎ ይርጋው የቀረበ ጉዳይ ካለ ከላይ ተነስቶ ይቀመጣል፤ በመዝገብ ቁጥር ቅደም ተከተል አይደለም፣ በአጣዳፊነቱ ነው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ እንዲህ የሚል አጭር ማስታወሻ ይኖራል፤ «ፋይሉ ውስጥ ያለው የብድር ውል ፎቶ ኮፒ ነው። ዋናው ቅርንጫፉ ካዝና ውስጥ ነው፤ ለማውጣት የሥራ አስኪያጁና የካሸሩ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከቀጠሮው ሦስት ቀን በፊት ይጠየቅ።»